ባል የሚያከሳ ዓሣ

በአገራችን የሚስት የሙያ ማረጋገጫ የሚለጠፈው በግድግዳ ላይ አይደለም፤ በባሏ ሆድ ላይ ነው። ባል ከሠርጉ በኋላ አንገቱ ሲደነድን፣ ጉንጩ ሲሞላ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ከቀዳዳው ጋር ሲጣላ፣ ሰው ሁሉ «እሰይ! እጇ ይባረክ» ይላል። ሆዱ ቀበቶውን አልፎ ሲወጣማ ምርቃቱ ይበረታል። ያው ባል ትንሽ ከሳ ካለ ግን ወዲያው ችሎት ይቆማል። ተከሳሿ ማን እንደሆነች መናገር ያስፈልጋል እንዴ? ሚስት ብትከሳ ግን ችሎት የለም፤ «ኑሮ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ ተከስሼ ነው። የተወለድኩት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። መንግሥት የሒሳብ መምህርት አድርጎ ቢቸና መደበኝ፤ ቢቸና ደግሞ በበኩሏ ይበልጣል የሚባል የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ዳረችኝ። ይበልጣል ቀኑን ሙሉ የሰው ሙግት ሲያገላብጥ ስለሚውል ቤት ሲገባ ሙግት አይወድም። የሚወደው ቅቤ ነው። ቅቤው የሚመጣው ሞጣ ካሉት እናቱ፣ ከእማማ ጥሩወርቅ ዘንድ ነበር፤ በቅል ተሞልቶ፣ በጨርቅ ታስሮ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ፣ «ለልጀ» ከሚል መልእክት ጋር። «ለልጀና ለሚስቱ» ተብሎ አያውቅም። ያኔ ቅር ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ሳያውቁት ለእኔ አዝነውልኛል።

አንድ ጠዋት ይበልጣል ወደ ፍርድ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ ደረቱን ያዘው። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፤ ሰዎች ደግፈው ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሟ ደሙን ካስመረመረች በኋላ ስቡ ከልክ እንዳለፈ፣ በዚህ አበላል ከቀጠለ ልቡ ብዙ እንደማይሸከመው ነገረችን። ቅቤው ይቀነስ፣ የሚረጋው ዘይት ይቅር፣ ፈሳሹም ቢሆን ይመጠን፣ በቀይ ሥጋው ቦታ ዓሣና ባቄላ ይግባ አለች። ቀልዱን ለጊዜው ላቁመውና፣ በጣም ፈርቼ ነበር። ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤታችን ድረስ እጁን አልለቀቅኩትም። «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» ያሉት አባቶች ስለ ሰው ጠባይ የተናገሩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሕክምና ምክር ኖሯል።

ይበልጣል ግን መከላከያ አላጣም። እሱ ጾመኛ ነው፤ ረቡዕን አርብን፣ ሁዳዴን ፍልሰታን ቅቤ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ታዲያ ስቡ ከየት መጣ? ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ መልሱ ወጥ ቤታችን ነበር። እኛ ቅቤ ስንጾም በዘይት እንክሳለን። ሽሮው ዋና እስኪማር ድረስ እናፈስበታለን። ዘይቱም ያ ከሱቅ የሚመጣው፣ በሐምሌ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሻማ የሚደርቀው፣ ምድጃ አጠገብ አስቀምጠን እስኪቀልጥ የምንለማመጠው ነው። ከጀሪካን አልወጣም ብሎ ያስቸገረ ዘይት ከደም ሥር በሰላም ይወጣል ብሎ ማን ዋስ ይሆናል? ይበልጣል የዓመቱን እኩሌታ ለነፍሱ ሲጾም ሥጋው አንድ ቀንም አልጾመም ነበር።

ዘመቻ ጀመርኩ። የሚረጋውን ዘይት አሰናብቼ ኑግ ከሚጨምቁ ሰዎች ፈሳሹን ገዛሁ፤ ጭልፋውን ሰቅዬ ማንኪያ አወረድኩ። ቅቤ ለዓመት በዓል ብቻ ሆነ። ከባሕር ዳር በሞጣ በኩል ዓሣ በመጣ ቁጥር ቀድሜ እደርሳለሁ። እሱንም በዘይት አስጥሜ እንደ ጫማ ሶል አላደርቀውም፤ ዓሣ ገዝቶ በዚያ በሚረጋ ዘይት መጥበስ ገዳም ገብቶ እንደ መስከር ነው።

ይበልጣል ከሳ። ዳገቱን ሳያርፍ ወጣ። እኔ በልቤ እልል ስል ከተማው ሐዘን ተቀመጠ። አንዱ ስኳር ነው አለ፤ ሌላው ዓይን ነው አለ፤ እጅግ ያዘነልን ደግሞ «ለመሆኑ ቤት ውስጥ ሰላም ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ሞጣ ገባ። ወዲያው አማቴ ደወሉ። ሰላምታ አላበዙም፤ ልጀን ይዘሽልኝ ነይ አሉ።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ሞጣ ገባን። አማቴ ልጃቸውን ከበር ላይ ተቀብለው ጎኑን ዳበሱት፤ ከዚያም ይኸ ልጀ ነው ወይስ አጥንቱን ነው ያመጣሽልኝ ብለው እንባቸውን አፈሰሱ። ደረቱን እንደያዘው አያውቁም። እናቴ ትደነግጣለች ብሎ እንዳልነግራቸው አስምሎኝ ነበር። ስለዚህ ሐኪሟ ቅቤ ቀንስ ብላዋለች ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። እሳቸውም ሐኪሟ ቅቤ የማያውቅ አገር ተወልዳ ይሆናል፣ አልፈርድባትም አሉ።

ፍርዱን የሰጡት በእኔ ላይ ነው። ይበልጣል የዓመት ዕረፍቱን ወስዶ እሳቸው ዘንድ ይቀመጥ፤ አንች ሥራ አለብሽ፣ አልከፋብሽም፣ ሰው እስኪመስል እኔ አስታምመዋለሁ አሉኝ። ማስታመም ማለት ምን እንደሆነ ገብቷችኋል? ጠዋት ጨጨብሳ፣ ቀን ዶሮ፣ ማታ ክትፎ፣ በየመሐሉ የሚነጠር ቅቤ። ዕረፍቱ ሳያልቅ ያ ድንጋይ ላይ መልሰው ያስቀምጡልኛል፤ ምናልባትም ከዚያ በማይነሳበት ሁኔታ። እርዳታ ፈልጌ ወደ ባሌ ዞርኩ። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ምን ይላል? ሁለታችሁም እውነት አላችሁ አለ።

ያኔ ነው የጨነቀው ሰው የሚያደርገውን ያደረግኩት፤ ተወራረድኩ። ነገ በእርስዎ ቤት፣ በእኔ ዘይት፣ ያለ ቅቤ ምሳ ልሥራ፤ ካላጠገበና ካልጣፈጠ ይበልጣል ይቅር፤ ከጣፈጠ ግን ይዤው እሄዳለሁ፣ ቅቤውም ይቀራል አልኩ። አማቴ ዳኛ ማን ይሁን አሉ። እትዬ ከድጃ ይሁኑ አልኩ።

እትዬ ከድጃ የአማቴ የአጥር ጎረቤት ናቸው፤ ሞጣ ሲነግድ ከኖረ የሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱ የጨርቅ ነጋዴ። ከአማቴ ጋር በአንድ ክረምት አራስ ሆነዋል፣ አንዱ ቤት ሐዘን ሲገባ ሌላው ቤት እሳት አይነድም። ሽሮና ምስር ከአንድ ትሪ ሲበሉ ኖረዋል። ሥጋ ሲሆን ግን እያንዳንዳቸው ወደየበራቸው ይመለሳሉ፤ የክርስቲያን ዕርድ ለእስላም፣ የእስላሙም ለክርስቲያን አይሆንም። ሥርዓት ነውና ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

አማቴም ይህንኑ አነሱ። ከድጃ ከእኔ ቤት ሥጋ እንደማትቀምስ እያወቅሽ እንዴት ዳኛ ታደርጊያታለሽ አሉኝ። እኔም ዓሣ አይታረድም እኮ እማዬ አልኩ። እውነትም ዓሣን ማን ባርኮ ያርደዋል? ከውሃ ወጣ፣ አለቀ። አማቴ ቀስ ብለው ተነሱና በአጥር በኩል ተጣሩ፤ ከድጃ፣ ዓሣ አይታረድም ትላለች ይች ልጅ፣ ሰምተሻል? እትዬ ከድጃ ከወዲያ ማዶ ሳቁ፤ ድስቱና የብረት ምጣዱ ከእኔ ቤት ከመጣ እመጣለሁ፣ አንችስ ዛሬ ተገለጠልሽ? አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አማቴ ገበያ ካልሸኘሁሽ አሉ። መሸኘት ሲሉ መመርመር ማለታቸው ነው። ሻጩ መጀመሪያ አምባዛ አሳየን። አማቴ ከበላዩ ላይ ጎንበስ ብለው አዩትና፣ ቅርፊት የለው፣ ጢሙን አሳድጓል፣ ይኸማ እባብ ነው፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲባል አልሰማህም ወይ ብለው ሻጩን ገሠጹት። ቀጥሎ ቆሮሶ አወጣ። ቅርፊቱም ክንፉም ስላለ አማቴ አሳለፉት፤ ያላሳለፍኩት እኔ ነኝ። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይባል የለ? እኔም ስገዛ ከአናቱ እጀምራለሁ። ዓይኑ ደፍርሶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሻጩ ተኝቶ ነው አለ። ከመቼ ጀምሮ አልኩት። ከጉንጩ ሥር ያለውን ስንጥቡን ገለጥ አድርጌ ቡናማ መሆኑን አሳየሁት፤ ሆዱን በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እንደተጎደጎደ ቀረ። ሻጩ ከሣጥኑ ሥር፣ ከበረዶው መሐል፣ ዓይኑ የሚያበራ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ፣ ሲጫኑት መልሶ የሚነሳ ቆሮሶ አወጣ። ወደ ቤት ስንመለስ አማቴ ዘንቢሉን ራሳቸው ያዙት።

ሁለት ዓይነት ሠራሁ። ግማሹን ጎኑን በቢላዋ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጌ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በቃሪያ አሽቼ፣ የኑግ ዘይት ቀባ አድርጌ ከሰል ላይ ጣድኩት። ግማሹን በሽንኩርትና በቲማቲም ወጥ አደረግኩት። ሁሉም ነገር ሲሰምርልኝ ቅርፊቱን ልደፋ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። አማቴ ከወጡ ድስት አጠገብ ቆመዋል፤ እጃቸው ያብለጨልጫል፤ ፊታቸው የጻድቅ ነው። ድስቱ ውስጥ ቡጢ የሚያህል ቅቤ እየተሽከረከረ ይቀልጣል። ምነው እማዬ ስል፣ ወጡ አሳዘነኝ ልጀ አሉኝ።

ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ግማሹ ምሳ ሄደ፤ ውርርዱም አብሮ ሊሄድ ነው፤ ባሌም። ግን ምን አደርጋለሁ፣ ሁለቱንም አቀረብኩ።

አሁን ጸሎቱ መጣ። አማቴ አባታችን ሆይ አሉ። እዚያ አላቆሙም። ከጎረቤታቸው ጋር ከአንድ ትሪ ሥጋ ነክ ሊቆርሱ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ቤቷን፣ ልጆቿን፣ ሱቋን መረቁ። ይህ ሲያበቃ እትዬ ከድጃ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ፤ በሕይወት ያለነውን ጨርሰው ወደ ሞቱት ተሻገሩ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ በሩ ክፍት ነው፣ የሞጣ ሐምሌ እንደ ልቡ ይገባል። አሜኑና አሚኑ ተባብለው ዓይናችንን ስንገልጥ ወጡ ነጭ ነጠላ ለብሶ ተኝቷል። ቅቤው ከዳር እስከ ዳር ረግቷል። ከአጠገቡ የተጠበሰው ዓሣ በኑግ ዘይቱ ወዝቶ ያበራል።

ማንም እጁን አልሰነዘረም። ይበልጣል የረጋውን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ አነሳው። ከዚያ፣ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ጎራ ለይቶ የማያውቀው ሰው፣ እማ፣ ደረቴን የያዘኝ ይኸ ነው አለ። የትኛውን ደረትህን አሉ። ዳገቱን፣ ድንጋዩን፣ ሆስፒታሉን፣ ሁሉንም ነገራቸው። አማቴ ወጡን በእንጀራው ጠቅልለው ከትሪው ላይ አነሱ፤ ውጭ አውጥተው ለውሻው ሰጡት። ተመልሰው ተቀመጡና ከተጠበሰው እሾሁን ለቅመው ቆርሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጃቸው፣ ሁለተኛውን ለእትዬ ከድጃ ሰጡ። እትዬ ከድጃ አላምጠው፣ ጥሩወርቅ፣ ስንት ዘመን በከንቱ ተለያይተን በላን አሉ። ሁለቱም አለቀሱ። የእኔንም እንባ በቃሪያው አመካኘሁት።

ዓሣው እስከ አጥንቱ አለቀ። ዳኛዋ ፍርድ መስጠት ረሱ፤ የጠየቃቸውም የለም። በማግስቱ ባሌን ይዤ ቢቸና ገባሁ። ሐኪሟ ኋላ ደሙን ዳግመኛ ስታየው ደስ ብሏት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሞጣው ቤትም ተለወጠ፤ የሚረጋ ዘይት ደጁን አይረግጥም፤ ባገኙት እሑድ ሁሉ እትዬ ከድጃ ምጣዳቸውን ይዘው በአጥሩ ይሻገራሉ። እንዲህ ያለ ድል ካያችሁ ንገሩኝ።

በቅርቡ ለዘመድ ሠርግ ሞጣ ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ አማቴ በሴቶች ተከበው ያስተምራሉ፤ ስለ ዓሣ ዓይን፣ ስለ ስንጥቡ፣ ስለ ኑግ ዘይት። እኔ ጥግ ይዤ በኩራት እሰማለሁ። አንዲት እናት ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው ቢሏቸው፣ አማቴ ተነፈሱና እንዲህ አሉ፤ ምን ላድርግ፣ ምራቴ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን ሩቅ አገር ያደገች ልጅ ናት፣ ቅቤ ታበዛበት ነበር፣ ልጀ ደረቱን ይዞት መንገድ ላይ ወድቆ ነው እኔ የደረስሁለት።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዷ ተጠግተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና፣ አይዞሽ ልጀ፣ ማን ያላጠፋ አለ፣ ዋናው መማርሽ ነው አሉኝ። ይበልጣልን ፈለግኩት፤ ዳሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ «እግዜር ይስጣቸው፤ እሳቸው ባይደርሱለት ኖሮ እገድለው ነበር» አልኩ።