የጀማሪ ዘላዮች ማበረታቻ ፈንድ ፍሬ ያፈራበት ቅዳሜ

በአሜሪካዋ የነብራስካ ግዛት በዣንጥላ ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ሁሉ ጠዋት ሲነሳ ሊያመሰግነው የሚገባ አንድ ኮሚቴ አለ። የተቋቋመው ጀማሪ ዘላዮችን ለማበረታታት ነው። የዘላዮች ማኅበር አባላት ለዚሁ በየዓመቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ኮሚቴው ደግሞ ገንዘቡን ይጠብቃል። ከሌባ ይጠብቀዋል፣ ከዋጋ ንረት ይጠብቀዋል፣ ከሁሉም በላይ ግን ከጀማሪዎች ይጠብቀዋል። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ከፈንዱ አንዲት ሳንቲም ጠፍታ አታውቅም፤ ወጥታ አታውቅማ! "ሰማይ ተቀደደ ቢሉት፣ ሽማግሌ ይሰፋዋል አለ" ይባላል። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ከዚህም ይልቃሉ፤ ሰማዩ ሳይቀደድ በፊት ማንም እንዳይገባበት ሰፍተው አስቀምጠውታል።

ሎሬታ ስቮቦዳ ይህን ጥበብ ለመረዳት ጊዜ ወስዶባታል። በበቆሎ ማሳ መሀል ባለች አንዲት የዝላይ ሜዳ አሰልጣኝ ናት፤ ሐሳቧም ሁሉ ስለ ጀማሪዎቹ ነው። ጀማሪ ይመጣል፣ ይማራል፣ የዘላይነት ፈቃዱን ያገኛል፣ ከዚያ ይጠፋል። ነባሮቹ ከነባሮች ጋር ይዘላሉ። ጀማሪው ብቻውን ይወጣል፣ ብቻውን ይወድቃል፣ ብቻውን ዣንጥላውን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ እሁድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሯ ኬንድራ መጣችና፣ "ሎሬታ፣ ዣንጥላዬን የሚገዛ ሰው ካወቅሽ ንገሪኝ" አለቻት።

"ምነው? ደኅና ትዘይ የለም እንዴ?"

"እዘላለሁ። ግን እዚያ ላይ ማንም የለም። አውቶቡሴ ውስጥ ብሆን ይሻለኛል፤ ልጆቹ ሌላው ቢቀር ይሰድቡኛል።"

ሎሬታ ይህ አንጀቷን በላት። ሜዳዋ ቀስ በቀስ ሰው እያጣች ነበር፤ ኬንድራም ከሄደች የሚቀሩት አንድ አውሮፕላን፣ አንድ አብራሪና ብዙ ትዝታ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወደ ኮሚቴው ሄደች። የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፦ የአንድ ቅዳሜ የአውሮፕላን ኪራይ ፈንዱ ይክፈል፤ እያንዳንዱ ጀማሪም ከአንድ ነባር አሰልጣኝ ጋር ይዝለል።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ፓንኬክ ቤት ነው። ሰብሳቢው ክቡር ሀርላን ቢደርማን በወጣትነታቸው እጅግ የታወቁ ዘላይ ነበሩ፤ ይህንንም ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጉልበቴን አመመኝ ብለው ካቆሙ ወዲህ የወጡበት ከፍተኛ ቦታ የዚሁ ፓንኬክ ቤት በረንዳ ነው። ነገር ግን ጀግና ከፍታውን ይዞ ይኖራል እንጂ አይወርድም።

"ግሩም ሐሳብ ነው" አሉ ሰብሳቢው ፓንኬካቸው ላይ ጣፋጩን ሽሮፕ እያፈሰሱ። "ግን ጀማሪ ማለት ምን ማለት ነው?"

"አዲስ ዘላይ ነዋ" አለች ሎሬታ።

"ስሜታዊ አንሁን።"

ስሜታዊ አልሆኑም። በመጀመሪያ ጀማሪው ፈቃድ ያለው ይሁን ተባለ። ይህስ ደኅና። ቀጥሎ ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ሜይቤል መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ "የሚዘልን ሰው ዝለል ብሎ ማበረታታት ብክነት ነው" አሉ። "መበረታታት ያለበት የማይዘል ነው።" ስለዚህ ጀማሪው ለዓመታት ያልዘለለ ይሁን ተባለ። በመጨረሻም ሰብሳቢው የአባላትን ገንዘብ ለማናውቀው መንገደኛ አንሰጥም በማለታቸው፣ ጀማሪው ቢያንስ አሥር ዓመት የማኅበሩ አባል የነበረ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

"አሥር ዓመት የቆየ ጀማሪ?" አለች ሎሬታ።

"የበሰለ ጀማሪ" አሉ ክቡርነታቸው።

ሎሬታ ቦርሳዋን አነሳች። የአውሮፕላኑ ኪራይ ተፈቅዷል፤ በዕለቱ ማን ደንብ ያገላብጣል ብላ ወጣች። ወይዘሮ ሜይቤልን ገና በደንብ አላወቀቻቸውም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ድንኳን ተተክሏል፣ የተቀቀለ ባቄላና የድንች ሰላጣ ቀርቧል። ክቡር ሰብሳቢው ማይክሮፎን ጨብጠው፣ "ዛሬ ሰማዩ የጀማሪዎች ነው!" ሲሉ፣ ወይዘሮ ሜይቤል በአውሮፕላኑ በር ላይ ቆመው ጀማሪዎቹን ከሰማዩ ይመልሱ ነበር።

"ስንት ዓመት አባል ነሽ፣ የኔ ልጅ?"

"ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ" አለች ኬንድራ።

"መጨረሻ የዘለልሽው መቼ ነው?"

"ባለፈው እሁድ።"

"ውይ፣ ሲያሳዝን! ቀጣይ!"

ቀጣዩም ተመለሰ፤ የቀጣዩም ቀጣይ። ኬንድራ የራስ ቁሯን አውልቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ሎሬታ እንባዋ መጣ፤ የቁጣ ነው የኀዘን እሷም አልለየችውም። አውሮፕላኑ ነዳጁን ጠጥቶ፣ ኪራዩ ተከፍሎለት፣ ባዶውን ቆሟል።

አብራሪው ገስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ታዲያ ማንን ልጫን? ባቄላውን?" አለ።

ወይዘሮ ሜይቤል ግን ፍትሐዊ ሴት ናቸው። "መስፈርቱን የሚያሟላ አንድ ሰው አለ" አሉ። "ፈቃድ አለው። ለዓመታት አልዘለለም። አባልነቱም የቆየ ነው።" ጣታቸውንም ወደ ማይክሮፎኑ ቀሰሩ።

ሰው ሁሉ ማይክሮፎኑን ወደያዙት ሰብሳቢ ዞረ።

"ሜይቤል" አሉ ሰብሳቢው፣ "ጉልበቴ..."

"ደንቡ ስለ ጉልበት የሚለው ነገር የለም፣ ሀርላን። ያረቀቅከው አንተ ነህ።"

ጀማሪዎቹ ከሣሩ ተነስተው አጨበጨቡ። እንዲያ ያለ ከልብ የመነጨ ጭብጨባ በኮሚቴው ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም።

ሎሬታ ማጨብጨብ ጀምራ እጇን መሀል ላይ አቆመች። ዓይኗ ባዶው አውሮፕላን ላይ አረፈ። "ወይዘሮ ሜይቤል፣ እሳቸውን ደረቴ ላይ አስሬ ነው ይዣቸው የምዘለው። ከአራቱ ቦታ ሁለቱ ባዶ ይቀራል።"

"ይቅራ።"

"አውሮፕላኑ ያዘነብላላ!"

አውሮፕላኑ ዕድሜ ልኩን አዘንብሎበት የማያውቀው ገስ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። "ኧረ ክፉኛ ነው የሚያዘነብለው!" አለ።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉ ወይዘሮ ሜይቤል።

"ክብደት መጫን ነው" አለች ሎሬታ። "ሰው የሚያክል ክብደት። ደንቡ ይከለክላል?"

ወይዘሮ ሜይቤል አሰቡ። "ክብደትን አይከለክልም።"

በዚያች ሰዓት ጉዳዩን የሚያዘገይ ማንኛውንም ሐሳብ ለመደገፍ የተዘጋጁት ሰብሳቢም፣ "ደኅንነት ይቅደም! ክብደት ይጫን!" ሲሉ አዘዙ።

"እኔ ክብደት ነኝ" አለች ኬንድራ፣ የራስ ቁሯን እያጠለቀች። አንድ አሰልጣኝም፣ "እኔ ደግሞ ከባድ ክብደት ነኝ" ብሎ ተከትሏት ገባ።

ላይ ሲደርሱ በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ሲገባ የሰብሳቢው ፊት እንደ ድንች ሰላጣው ነጣ።

"ሎሬታ፣ ጉልበቴን እኮ እውነቴን ነው የሚያመኝ።"

"ጉልበት የሚያስፈልገው መሬት ላይ ነው። እዚህ ምን ይሠራልዎታል?"

ክብደቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀድመው ዘለሉ። ክቡርነታቸው፣ "ስብሰባው ይበተን!" ብለው ሲጮኹ፣ ሎሬታ ይዛቸው ወጣች።

ታች ወይዘሮ ሜይቤል አንጋጠው፣ "ክብደቱ ወደቀ! ሁለቱም ወደቁ!" ብለው ጮኹ።

"ክብደት አይደለ እንዴ፣ እመቤቴ" አለ ባቄላ የሚጨልፈው ሰውዬ። "ካልወደቀ ምኑን ክብደት ሆነ?"

ኬንድራ መሬት ስትነካ ዣንጥላዋን እንኳ ሳትሰበስብ እየሮጠች መጣች። "እጄን ያዘኝ! እዚያ ላይ ሰው እጄን ያዘኝ! አየኝ፣ ሳቀልኝ!" ስትል፣ ነባሮቹ፣ አዲስ ነገር የሞከረ ሁሉ ቢራ ይገዛል በሚለው የሜዳው ወግ መሠረት፣ "ከሰው ጋር ስትዘይ የመጀመሪያሽ ነው፤ ቢራ ትገዣለሽ!" እያሉ ከበቧት። ኬንድራ ቢራ ግዢ መባሏ እንዲያ ያስደስታታል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ሰብሳቢው በመቀመጫቸው አረፉ። ሎሬታ ማሰሪያውን ስትፈታላቸው እያለቀሱ ነበር። "ለካ እንዲህ ነበር" አሉ። "ረስቼው ነበር። ሎሬታ፣ ጀማሪን ማበረታታት ይህን ያህል አስፈላጊ መሆኑን አላውቅም ነበር!"

የሎሬታ ልብ ቅቤ ጠጣ። ይኸው፣ ሰውዬው ተመለሰ፣ ደንቡ ሊቀደድ ነው አለች በሆዷ። "ስለዚህስ?" አለቻቸው።

"ስለዚህ ገና በደንብ አልተበረታታሁም። እንደገና እንውጣ!"

ሎሬታ አፏን ልትከፍት አለችና ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ ጀማሪዎቹ ዣንጥላቸውን አንግተው፣ አሰልጣኞቹን ጎን ለጎን ይዘው፣ ቀጥ ያለ ሰልፍ ሠርተዋል።

"እውነትዎን ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ" አለች። "ፊትዎ ላይ እኮ ያስታውቃል። በጣም ጥቂት ነው የተበረታቱት።"

ወይዘሮ ሜይቤል መስፈርቱን አንዴ ያሟላ ለዕለቱ እንዳሟላ ይቆጠራል በማለታቸው፣ ክቡርነታቸው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲበረታቱ ዋሉ። በወጡ ቁጥር አውሮፕላኑ እንዳያዘነብል ሁለት ክብደት ይጫናል፤ በወረዱ ቁጥር ሁለት ክብደት ከሰማይ እየሳቀ ይወርዳል። ሎሬታ ወገቧ ተቆረጠ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሏት አያውቅም።

በዓመቱ ጉባኤ ሰብሳቢው ባቀረቡት ሪፖርት፣ መስፈርቱን ካሟሉት ጀማሪዎች መቶ በመቶ የሚሆኑት መበረታታታቸው ተገለጸ። ክብደቶቹም አንድም ሳይጎዳ በሰላም ማረፋቸው በአድናቆት ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው አዘውትረው ስለዘለሉ መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው በአገር ታጣ፤ ኮሚቴውም ጀማሪነት ከግዛቲቱ ፈጽሞ መጥፋቱን አብሥሮ ለጀማሪዎች የተያዘውን ገንዘብ በሙሉ ወደ ክብደት አዛወረው።

በቀጣዩ ፀደይ አንድ አዲስ ጎረምሳ ወደ ሜዳው መጣ። ዣንጥላውን እንዳነገተ ሎሬታ ፊት ቆመና በትሕትና፣ "እኔ እንኳ ገና ጀማሪ..." ብሎ ሲጀምር፣ ሎሬታ ዘልላ አፉን ያዘችው።

"ቀስ በል፣ ወይዘሮ ሜይቤል ይሰሙሃል! እዚህ አገር ጀማሪ የሚባል የለም።" ግራ ቀኝ ቃኝታም ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "ኪሎህ ስንት ነው?"