ቡሬ የበላችው የባህር አረም

ጠጋ በሉ፤ በሩ አጠገብ ያለውን ሰው ዝናቡ እያገኘው ነው። ሐምሌ ገብቶ ቆርቆሮው እንዲህ ሲደበደብ ሰው ካልተጠጋጋ አይደማመጥም።

ሰው ሁሉ የግቢው ጉድጓድ ውሃ ጸበል ይመስለዋል። ልጁን ቢወቅሱበት ዝም ይላል፣ ምግቡን ቢንቁበት ይስቃል፤ ጉድጓዱን የነካበት ግን ዕድሜ ልክ ይቀየመዋል። እኔም እንደዚያው ነኝ። እዚህ ሰበታ ከዚህ ጉድጓድ ጠጥቼ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ አንዱም ሆዴን ብሎ አያውቅም፣ ሰርግ ላይ ካልሆነ። ታዲያ አምና የልጅ ልጄ ሌንሳ አውራ ጣት በምታህል ብርጭቆ ውሃውን ቀድታ፣ መድኃኒት ጠብ አድርጋ፣ ደም መስሎ ሲቀላ አሳየችኝና “አኮ፣ ውሃችን ቆሻሻ ነው” አለችኝ። አያቷን አኮ ነው የምትለኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

ሌንሳ የበኩር ልጄ የገመቹ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ውሃ ውስጥ ስለሚኖር ነገር ተማረች፤ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ አጥታ ተቀመጠች። ሥራ ሲጠፋ ሰው ምን ይሠራል? ሌላው መንገደኛ ይቆጥራል፤ የእኔዋ ሳሎን ውስጥ ባህር ሠራች። የመስታወት ሣጥን ነው። ባህር አይታችኋል? እኔም አላየሁም፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ውስጡ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ ድንጋይ የሚመስሉ፣ ግን ነፍስ ያላቸው ፍጥረቶች ተቀምጠዋል። ኮራል ይባላሉ። ሲደላቸው እንደ አበባ ይከፈታሉ፣ ሲከፋቸው ይኮማተራሉ። በኩርፊያ የሚበልጠኝ ያየሁት እነሱን ብቻ ነው።

ይህን ወሬ ቡራዩ አዲስ የተከፈተ ሆቴል ሰማ። ሥራ አስኪያጁ ፍልሰታ ሲፈታ መጥቼ አያለሁ፤ ኮራሎቹ አምረው ካገኘኋቸው ለእንግዳ መቀበያችን ትልቁን ትሠሪልናለሽ፣ እየተቆጣጠርሽም ትቀጥያለሽ አላት። ይኸው፣ በሁለት ዓመት የመጀመሪያው እንጀራ። ኮራሎቹ ግን ያን ሰሞን መኮማተር ጀመሩ። ምክንያቱ ያ የቀላው ውሃዬ ነው። ክረምቱ የማሳውን ማዳበሪያና የበረቱን ፍግ እያጠበ ወደ ጉድጓዱ ያሰርጋል አለች። ዓይን አያየውም፣ አይሸትም፤ ስንዴ ይወደዋል፣ ኮራል ይታመምበታል። የሚያጣራው መሣሪያ የሚመጣው ከውጭ አገር ነው፤ እሷ ደግሞ የላትም።

ስለዚህ ሱሉልታ ዓሣ ወደምታረባ ጓደኛዋ ሄዳ አንድ ጭብጥ የባህር አረም በፌስታል ይዛ መጣች። የተፈታ አረንጓዴ ክር ይመስላል። የሚኒባሱ ረዳት “እህት፣ ምን ዓይነት ጎመን ነው?” ብሎ ጠይቋት፣ ማጣሪያ ነው ብትለው ከዚያ በኋላ ሰበታ እስክትወርድ አላናገራትም። በርሜል ለሁለት አስቆርጣ፣ የጉድጓዱን ውሃ ለዓሣ በሚሆን ጨው በጥብጣ፣ አረሙን ጨመረችበትና ከላይ መብራት ሰቀለች። አረሙ ማዳበሪያውን እንደ ስንዴ እየበላ ያድጋል፣ ውሃው ይጠራል፣ የጠራው ወደ መስታወቱ ይገባል። ነገሩ ይኸው ነው። የአጥር ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየና፣ “ሃዳ ገመቹ፣ ሰው አረም ከውሃ ያወጣል፤ የእናንተ ምሁር ትጨምራለች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው” አለኝ። የገመቹ እናት ብሎ በክብር ጠርቶ ነው የሚሰድበኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ደም የመሰለው ጠብታ ወደ ሐምራዊ ፈዘዘ። ሌንሳ ጨፈረች። ሁለተኛው ሳምንት እዚያው፣ ሦስተኛውም እዚያው። አረሙ በርሜሉን ሞልቶ ጢም ብሏል፤ እሷ እንደ ሙሽራ ጠጉር ታበጥረዋለች፣ ሰው አታስነካም፤ ውሃው ግን በጄ አላለም። ሥራ አስኪያጁ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ቀረው። ልጅቷ ምግብ እምቢ አለች።

አሁን ወደ ላሜ ልውሰዳችሁ። ቡሬ ትባላለች። የዚህ አገር ሰው ያውቃል፤ ከብት ሆራ ይፈልጋል፣ ጨዋማውን የምንጭ ውሃ። ሆራ የቀረባት ላም ግድግዳ ትልሳለች። ወደ ሆራችን የሚወስደው መንገድ ቤት ተሠርቶበት ታጥሯል፤ ቡሬም ሁለት ዓመት ሙሉ የበረቱን ግድግዳ ስትልስ ጭቃው አልቆ ጭዱ ወጥቷል። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ሌንሳ የሆቴሉን ቦታ ልትለካ ቡራዩ ሄዳለች። እኔ ጣቴን በርሜሉ ውስጥ ነክሬ ቀመስኩ። ሆራ! በገዛ ግቢዬ ሆራ ተቀምጦ ላሜ ግድግዳ ትላስ? ይህ ከእግዜር ያስታርቃል?

አንድ ሳፋ ብቻ ልሰጣት አሰብኩ። ፈትቼ አመጣኋትና ሳፋውን ላነሳ ዞር አልኩ። ሳፋ ማንሳት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስመለስ ቡሬ እስከ ቀንዷ ገብታለች። ቀና ስትል እስከ ጉልበቷ የሚወርድ አረንጓዴ ጺም አብቅላለች። ጺሙን ያዝኩ፤ ጎተተች፣ ጎተትኩ። ያለ ዕድሜዬ ታገልኩ። በመጨረሻ እጄ ላይ አንድ ጭብጥ ቀረ፤ ሌላውን ቡሬ ዋጠችው። የተረፈውን ወደ በርሜሉ መለስኩና እሷን ንጹሕ ውሃ አጠጣኋት፤ እስኪመሽ እንደ ግመል ስትጠጣ ዋለች።

ውሻ ገባ ልበል? አሰብኩት፤ አላሰበችም ብላችሁ አትመስክሩልኝ። ግን ሌንሳ ስትገባ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። በርሜሉን አየች። “አኮ፣ የቀረኝ እኮ ሁለት ሳምንት ነው” አለችና የተደፋው ሳፋ ላይ ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ከላሚቱ አፍ ስጎትት እጄ ላይ የቀረው ሽታ ትዝ አለኝ።

“ልጄ፣ አረምሽ መሃሉ ቡናማ ሆኖ በስብሶ ነበር” አልኳት። “ጎመንም ካልተቀነጠሰ እንዲሁ ነው። የታችኛው ቅጠል ብርሃን ያጣና ይረግፋል፤ ከመሬት የወሰደውን ለመሬት ይመልሳል።”

ቀና አለች። “ይመልሳል?” አለች ቀስ ብላ።

ለካ የተማረችበት መጽሐፍም ይህንኑ ይላል። አረሙ ቆሻሻውን በገላው ይዞታል፤ ቆርጦ የሚያወጣው ከሌለ እዚያው በስብሶ ለውሃው ይመልስለታል። ሌንሳ ታውቀው ነበር፤ ግን ሰው የሚወደውን ነገር መቁረጥ ይከብደዋል። ቡሬ ፍቅር የለባትም፤ የሦስት ሳምንት ቆሻሻ በአንድ ጉርሻ አወጣችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሦስት ቀኑ እኔ ቀነጠስኩ፣ እሷ ጠብታዋን ጠብ አደረገች። ያ ጭብጥ ብርሃን አግኝቶ ለመለመ። ሐምራዊው ፈዘዘ፣ ፈዘዘና በአሥራ አንደኛው ቀን ጥርት አለ። የመስታወቱን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ በጠራው ቀየረችው። ኮራሎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። እኔም ከዓሦቹ ፊት ወንበር ስቤ እንደ ባላባት ተቀመጥኩ።

ሥራ አስኪያጁ በሰዓቱ መጣ፤ ጫማው በጭቃችን ተለውሷል። ኮራሎቹን አየና ውሃውን በምን መሣሪያ እንደምታጣራ ጠየቃት። ሌንሳ በርሜሉን አሳየችው። ቀጥላም “አማካሪዬ እሳቸው ናቸው” ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ “እማማ፣ የተማሩት ምንድን ነው?” አለኝ።

“ጎመን” አልኩት።

ስቆ ሳይጨርስ ውሉን ፈረመላት።

አሁን ሌንሳ በሳምንት ሦስት ቀን ቡራዩ ትውላለች፤ የሆቴሉ ባህር ከአልጋዬ ይሰፋል። የሱሉልታዋ ጓደኛዋ ምን ያህል ልቀንጥስ ብላ ስትደውል ስልኩ ለእኔ ይሰጣል፤ አንድ ጭብጥ አስቀሪ እላታለሁ። ኦቦ ቶሎሳ የራሱን ጉድጓድ ውሃ አስመረመረ፤ ከእኛ ብሶ ቀላ፤ አጥሩ ላይ ማስገጉን ትቷል። ሁለታችንም የምንጠጣውን ከቦኖ እናስቀዳለን። ቡሬ ጥር ላይ ሴት ጥጃ ወለደች። ሆቴሉ ፎቶዬን ከመስታወቱ ጎን ሰቅሎ ሥሩ “አማካሪ” ብሎ ጽፎልኛል ይላሉ፤ እኔ አላነበውም። የቡሬን ፎቶ ግን ማንም አልጠየቀም፤ ይህ አገር ሠራተኛውን ትቶ አማካሪውን ነው የሚሰቅለው።