መኪና ያልተበላሸባቸው መንገደኞች

በዚህ አገር ሰው ብቻውን የሚሆንበት ቦታ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈልጌ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ ታናናሾች አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ "ቤቶች" ብሎ መልስ ሳይጠብቅ የሚገባ ዘመድ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከዛፍ ሥር ልቀመጥ ብትሉ፣ የማታውቋቸው እናት አጠገባችሁ ቁጭ ይሉና "ምን ገጠመሽ ልጄ?" ይላሉ። መጽሐፍ ይዛችሁ ደጃፍ ላይ ብትወጡ ደግሞ "ምነው ተከዝሽ?" ትባላላችሁ። በእኛ ሰፈር ማንበብና መተከዝ አንድ በሽታ ናቸው። ተረታችንም "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ይላል። ብቻውን ስለተቀመጠ ሰው ምንም ባይልም፣ መጨረሻው እንደማያምር መገመት አያቅትም።

ፈረንጅ ግን ብቻውን መሆን ሲያምረው ጓዙን በጀርባው አዝሎ ሰው የሌለበት አገር ይሄዳል። ይህን ያወቅኩት አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ናዝሬት ውስጥ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሔት ነው። ሁለት ጓደኛሞች፣ ሁለቱም ሴቶች፣ ቦርሳቸውን አዝለው የአውስትራሊያን የውስጥ በረሃ በእግራቸው ያቋርጣሉ። አፈሩ ቀይ ነው። ሰማዩ ከአፈሩ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ሄደው ማታ ላይ አንዷ "ዛሬም ማንንም አላገኘንም" ስትል ሌላዋ በደስታ ትስቃለች። እኔና ትርሲት ያችን ገጽ መዝገበ ቃላት ይዘን አነበብናት። ትርሲት የመቂ ልጅ ናት፤ ናዝሬት አክስቷ ቤት ሆና ነበር የምትማረው። እኔ ለሰላምታ እንኳ አንገቴን የምደፋ ስሆን፣ እሷ ከሾፌርም ከሊቀመንበርም ጋር እየሳቀች የምታወራ ነበረች። አንብበን ስንጨርስ መጽሔቱን ዘጋችና "እንሄዳለን" አለች። መቂ እንሂድ እንደማለት ነበር ያለችው።

አልሄድንም። የደርግ ጊዜ ነው፤ እንኳን አውስትራሊያ፣ አዋሳ ለመሄድም የቀበሌ ፈቃድ የሚጠየቅበት ወቅት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገባን፣ ጨረስን። እኔ ተመልሼ ያችኑ ቤተ መጻሕፍት እንድጠብቅ ተመደብኩ፤ ለዓይነ አፋር ሰው ከመደርደሪያ ጀርባ የተሻለ ምደባ ስለሌለ አመሰገንኩ። ትርሲት እርሻ ሚኒስቴር ገባች። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣችና፣ ጸጥታ እንደሚያስፈልግ የሚናገረው ማስታወቂያ ሥር ቆማ፣ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ልትሄድ እንደሆነ ጮክ ብላ ነገረችኝ። አምስት ዓመት። ተቃቅፈን ዘለልን። ከዚያ እሷ ወጣች፣ እኔም ካርዶቼን መደርደር ጀመርኩና ፊደል ተራው ጠፋብኝ።

አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ "ትመለሻለሽ?" የሚል። ዛሬ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ተራ ጥያቄ ነው። ያኔ ግን ለትምህርት ሄደው የቀሩትን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ማንም ስማቸውን አያነሳም። ልትሄድ የተዘጋጀችን ሰው ሻይ ቤት ተቀምጦ "ትመለሻለሽ?" ማለት ጓደኛን በጆሮ ጠቢ ፊት መክሰስ ነበር። አክስቷ ቤት ግድግዳው ስስ ነው። እኛ ቤት ታናናሾቼ አሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሹክሹክታ ሳይቀር ያስተጋባል። ለጥያቄዬ ሰው የሌለበት አገር አስፈለገኝ። ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ "አውስትራሊያ እንሂድ" አልኳት።

ከቡልቡላ ወደ አቢጃታ ሐይቅ የሚወስደው ሜዳ ነበር በሐሳቤ። በጋ ላይ ግራር አለ፣ ኩይሳ አለ፣ አቧራ አለ። ካንጋሮ ባይኖርም አባ ኮዳ በሚባለው ረጅም ወፍ ይካካሳል። ትርሲት ነገሩ ወዲያው ገባት፤ የወንድሟን የዘመቻ ቦርሳ ለራሷ አዘለች፣ ለእኔ ከሸራ የተሰፋ አንድ ሌላ ፈልጋ አመጣች። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለምን ጉዳይ እንደምንሄድ ሲጠይቁን "በእግር ለመሄድ" አለቻቸው። ወዴት? ወደ ሐይቁ። ሐይቁ ላይ ማን አለ? ማንም። ሊቀመንበሩ ብዙ አሰቡ። በስተመጨረሻ፣ ማንም ወደሌለበት በእግሩ ለሚሄድ ሰው ፈቃድ ስለማይገኝ "ለዘመድ ጥየቃ" እንበለው አሉ።

ጠዋት ቡልቡላ ወርደን፣ ቦርሳችንን አዝለን፣ አስፋልቱን ይዘን ትንሽ እንደሄድን አንድ የጭነት መኪና አልፎን ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

"መኪና ተበላሸባችሁ?"

ትርሲት እንዳልተበላሸብን ነገረችው። ታዲያ ለምን በእግራችን እንደምንሄድ ጠየቀ። ደስ ስለሚለን ነው አለችው። ሰውየው ዓይኑን ከእሷ ወደ እኔ አዞረ፤ ከሁለታችን ጤነኛዋ እኔ መስዬው ይሆናል። "ከቤት ተጣልታችሁ ነው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንዳልሆነ ማልንለት። ሄደ፤ ቀስ እያለ፣ ሐሳባችንን ብንለውጥ እንድንደርስበት። ከእሱ በኋላ አንድ ባለ ጋሪ ይህንኑ ጠየቀን፤ ቀጥሎ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች፤ ቀጥሎ ሌላ ሾፌር። አስፋልቱን ለቀን ወደ ሜዳው የገባነው ከፀሐዩ ሳይሆን ከአዘኔታው ለመሸሽ ነው።

ሜዳው ግን እንዳለምኩት ነበር። አፈሩ አይቀላም እንጂ ሰማዩ ከአፈሩ ይበልጣል። ከሩቅ ሐይቁ እንደ ጨው ነጥቶ ያበራል፤ በዳርቻው ሮዝ መስመር አለ፣ ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች ናቸው። አንድ ትልቅ ግራር ሥር ቦርሳችንን አወረድን። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። ኋላችንን አየሁ፤ የለም። ትርሲት ጫማዋን አውልቃ አሸዋውን ታራግፋለች። "ትርሲት" አልኳት።

"እ?"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ..."

"አከም ጅርቱ?" አለ ከግራሩ ጀርባ የመጣ ድምፅ።

ከየት እንደመጡ እስካሁን አይገባኝም። ሜዳው እጅ መዳፍ ላይ እንዳለ ነገር የሚታይ ነው፤ በዚህ አገር ግን ባዶ ሜዳ ማለት ሰው ገና ያልደረሰበት ማለት ነው። ጠና ያሉ፣ ረዘም ያሉ ሴት ናቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው፣ በአንድ ጉልበታቸው እያነከሱ መጡ። አዴ ጫልቱ እባላለሁ አሉን። ትርሲት በኦሮምኛ ሰላምታውን ተቀበለቻቸው፤ የከብቱ፣ የልጁ፣ የዝናቡ ደኅንነት ተጠየቀ፣ ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ፣ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ዞረው "መኪናው የት ነው የቆመ?" አሉ።

ቤታቸው ከዚያው ቅርብ፣ ቁልቋል አጥር ውስጥ ነበር። ሐይቁን ለማየት እንደመጣን ነገርናቸው። "ሐይቁ የትም አይሄድም፣ ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ" አሉና እየነዱ አስገቡን። በጮጮ እርጎ ቀረበ፤ ቀጥሎ የበቆሎ ቂጣ። ትርሲት ጠጥታ አወራች፣ ሳቀች፣ ባህር ማዶ ለትምህርት ልትሄድ መሆኑንም ነገረቻቸው። እኔ ፀሐዩን እያየሁ ጥያቄዬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አመስግነን ተነሣን። እሳቸውም በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

እንግዲህ ሽኝት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እስከ ደጃፍ ሸኝቶ የተመለሰ ሰው እንዳባረረ ይቆጠራል። አዴ ጫልቱ እስከ ግራሩ ሸኙን። ግራሩ ጋ ስንደርስ ትርሲት ጉልበታቸውን አየች፤ እንዲህ እያነከሱ ብቻቸውን ሲመለሱ እንዴት እናያለን አለችና መልሰን እስከ ቁልቋሉ አጥር ሸኘናቸው። አጥሩ ጋ ሲደርሱ እሳቸው ቆሙ፣ አሰቡ፣ ተበሳጩ። የሸኘኝን እንግዳ ደጄ ላይ ጥዬ ልግባ? እኔ እንዲህ አላደግኩም አሉ። ተመልሰን ወደ ግራሩ። ግራሩ ጋ እኛም እንዲህ አላደግንም። ወደ አጥሩ። እኔ ሆዬ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሴት፣ በግራርና በቁልቋል መካከል የተረገጠው መንገድ እየጠራ ሲሄድ አየሁ፤ የማቋርጠው ሙሉው አውስትራሊያዬ እሱ ሆነ። "በቃ" የሚል ሰው ጠፋ። "በቃ" ያለ ባለጌ ነዋ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች፤ ወደ ናዝሬት የሚመለሰው የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጠን ነው። በስተመጨረሻ ግራሩ ሥር አዴ ጫልቱ በትራቸው ላይ ተንጠልጥለው ቆሙ። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

"ሁሉም ከሸኘ ማን ይሄዳል?" አሉ። "አንዱ ይቁም፣ አንዱ ይሂድ። እኔ ቆሜያለሁ።"

ይህ ነገር በኋላ ብዙ አሳስቦኛል፤ ያኔ ግን ጥበብ አልነበረም፣ ጉልበታቸው አሟቸው ነው። እጃችንን ስመው፣ መርቀው፣ ማንም ሸኚ ለማንም እንግዳ የሚላትን የመጨረሻዋን ቃል አከሉ። ቃሏ የመሰናበቻ ወግ ናት፤ መልስ አትፈልግም፣ "በቅርቡ" ይባላል፣ ይታለፋል።

"መቼ ትመለሳላችሁ?"

በዚያ ሜዳ ላይ፣ ሐይቁን ተሻግሮ በሚሰማ ድምፅ፣ እኔ ሰው የሌለበት አገር ፍለጋ የመጣሁበትን ጥያቄ ጠየቁ። ዓይናቸው ትርሲት ላይ ነበር፤ የምትናገረዋ እሷ ናትና። ለሾፌሩ፣ ለባለ ጋሪው፣ ለሊቀመንበሩ መልስ ያላጣችው ልጅ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ዓይኗን ወደ ሐይቁ አዞረች፤ ዳርቻው ላይ ያለውን ሮዝ መስመር ታይ ጀመር፣ ቆጥራ የምታስረክብ ይመስል።

"በቅርቡ" አልኩ እኔ። ድምፄ መውጣቱ ሦስታችንንም አስገረመን።

ወደ አስፋልቱ ሄድን። አንዴ ዞር ብዬ ሳይ አዴ ጫልቱ ግራሩ ሥር ቆመዋል። እንዳሉት ቆመዋል። ትርሲት እጄን ያዘችኝ፤ አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም። ያን ጊዜ በዙሪያችን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነትም ማንም ሰው አልነበረም።

የሄደች ዕለት እናቷና አክስቷ ናዝሬት መናኸሪያ ላይ አልቅሰው ሸኟት። እኔ አውቶቡሱ ላይ አብሬ ወጣሁና እስከ ሞጆ ሄድኩ። ከእሷ ወንበር አጠገብ የሽንኩርት ጆንያ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ መጽሔቱ አወራን፣ ስለ ካንጋሮ። ሞጆ ስንደርስ ወረድኩ። ተከትላኝ ወረደች። "አሁን ደግሞ እኔ እስከ ናዝሬት ልሸኝሽ" አለች እየሳቀች፤ ዓይኗ ግን አይስቅም፤ አንድ ቃል ብናገር ሻንጣዋን ከጣራ ላይ እንደምታስወርድ አየሁ። ቃሉም አፌ ላይ ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ።

"ሁሉም ከሸኘ ማን ይሄዳል?" አልኳት። "እኔ ቆሜያለሁ።"

ሄደች። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም ቆሜ ቀረሁ። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ የጭነት መኪና ይተራመሳል፣ ልብስ ሻጩ ይጣራል፤ እኔ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድም ሰው አላየሁም። ብቻ መሆን እንዲህም ነው ለካ አልኩ፤ መጽሔቱ ላይ ያለችው ልጅ ምን እንዳሳቃት ግን አልገባኝም።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ቲማቲም በቅርጫት የያዙ አንዲት ሴት አልፈውኝ ሄዱና ተመለሱ። ፊቴን አዩት።

"ምነው ልጄ፣ መኪና ተበላሸብሽ?"

"አዎ" አልኳቸው።

"አይዞሽ" አሉና ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ወደ ናዝሬት የሚሄድ መኪና እስኪገኝ አጠገቤ ቆሙ።