ጋሼ ንቀለውና የመሬት ዘንጉ

ጡረታው በደረሰ ብሎ ከተማው በሙሉ የሚሳልለት፣ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ግን የከተማው ግማሽ በእሳት የሚያያዝበት ሰው በየማዘጋጃ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የእኛው በኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮች ፈቃድ ክፍል ተቆጣጣሪ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ሕዝብ «ጋሼ ንቀለው» ይላቸዋል።

ስሙ ከሰማይ አልወረደም። ክቡርነታቸው አንድ ቤት ሊፈትሹ ሲሄዱ ብሬከሩን፣ ሶኬቱን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ጓሮ ይዞራሉ። እዚያ የመሬት ዘንግ አለ። የሰው ቁመት የሚያህል የመዳብ በትር ሲሆን አፈር ውስጥ ተቀብሮ ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል። ሥራው ያፈተለከ ኮረንቲ ሲመጣ ይዞት ወደ መሬት መውረድ ነው። ዘንጉ ካልወረደ ኮረንቲው የሚወርደው በቤቱ ባለቤት በኩል ነው። ጋሼ በአገጫቸው ጫፉን ያሳዩና ተቋራጩን «ንቀለው» ይሉታል። በደንብ የተቀበረ ዘንግ በሦስት ጎረምሳ አይነቀልም፤ የተቋራጮቻችን ግን እንደ ካሮት ይወጣል። ተቋራጩ ፊቱን አቅልቶ፣ አቃስቶ «እምቢ አለ» ያለ እንደሆነ፣ ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው በሁለት ጣት ይመዙታል።

አንዱ ስመ ጥር ተቋራጭ አንዱን ዘንግ አራት ቦታ ቆርጦ አራት ቤት ተክሎ ተገኘ። ለምን ቢሉት፣ ለሁሉም ይዳረስ ብዬ ነው አለ። ሌላው የጃንጥላ ዘንግ ቀብሮ ተያዘ። ሦስተኛው ትልቅ ዘመድ ነበረውና ከላይ ስልክ ተደወለ፤ ጋሼም በፍጹም ትሕትና የደዋዩን የቤት አድራሻ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ከላይ ስልክ ተደውሎ አያውቅም።

ግፋቸው የበረታው ግን በገዛ እህታቸው ልጅ ላይ ነው። ልጅቱ ኤሌክትሪሻን ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ፈቃድ ሠርታለች። ባለፈቃዱ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ሰቅሎ የሚኖር፣ ሽቦን ከልብስ ማስጫ ገመድ የማይለይ ጌታ ነው። የምትለፋው እሷ፣ የሚጨበጨብለት እሱ። የራሷን ፈቃድ ስትጠይቅ አጎቷ ሁለት ጊዜ ጣሏት፤ አንድ ጊዜ ስለ ላላ ብሎን፣ አንድ ጊዜ ብሬከሮቹ ላይ የክፍሎቹን ስም ስላልጻፈች። እናቷ ወንድሟን አራት ወር አኮረፈች። ሰው ሁሉ አጎቷ እያሉ ምን ቸገራት ይል ነበር። አጎቷ ስላሉ ነበር የቸገራት።

ሦስተኛው ፈተና አንድ ሐሙስ ቀን፣ እሷው መስመር በዘረጋችበት የአናጢ ቤት ሆነ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሁለት ዓመት ደጃፉን አይርገጥ ይላል ደንቡ። በዚያ ላይ የአዲሱ ትምህርት ቤት የመብራት ሥራ ጨረታ በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ፖስታው ውስጥ ፈቃድ የሌለው አይወዳደርም።

ጠዋት ዘንጉን ስትቀብር ግማሽ ላይ ድንጋይ ገጠማት። መዳፏ ውኃ እስኪቋጥር በመዶሻ መታችው፤ ንቅንቅ አላለም። አናጢው ከበሩ ላይ ተደግፎ ሲያያት ቆየ።

«እህቴ፣ ትርፉን ቁረጪው» አላት። «ከመሬት በታች ያለውን የሚያየው እግዜር ነው፤ እሱ ደግሞ ቅጽ አይሞላም።»

ተቆጣችው። ሰዓቷን አየች። ደግማ አየች። ከዚያ የብረት መጋዙን አነሳችና ቆረጠችው። መጋዙ ሲጮኽ ዓይኗን ጨፈነች ቢባል ለስሟ ባማረ፤ አልጨፈነችም። እንዲያውም የተቆረጠውን ጫፍ አፈር ቀብታ አሮጌ አስመሰለችው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ክቡርነታቸው ከች አሉ። ወገባቸው በሰፊ ቀበቶ ታስሯል፤ ሐኪም ማጎንበስ ከልክሏቸዋል። «ጋሼ» ብላ ብትቀበላቸው አልሰሙም። በሥራ ሰዓት ዘመድን አንቱ ማለት ሕጋቸው ነው።

«አመልካች እርስዎ ነዎት?» አሏት፣ እሑድ ዕለት አብራቸው ምሳ የበላችውን ልጅ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ፈተሹ። እያንዳንዱን ብሎን አጠበቁ፣ የብሬከሮቹን ጽሑፍ እንደ ደብዳቤ አነበቡ። እንከን አላገኙም። ዘንጉ ጋ ሲደርሱ ወገባቸውን ያዙና ቆሙ። ኮታቸውን አላወለቁም።

«ይንቀሉት» አሏት። «እኔ ዛሬ አልችልም። እርስዎ የሚሉኝን እጽፋለሁ።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ያዩ ቢሆን በተሻለ ነበር። ዘንጉን ጨበጠች። ማቃሰት ታውቃለች፤ ስንቱ ሲያቃስት አይታለች። «እምቢ አለ» የሚሉት ሁለት ቃላት ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ስትል አናጢው በድል አድራጊ ፈገግታ ቆሟል፤ እጁን እሷ ከዘረጋችው መስመር ላይ በሰካው የኤሌክትሪክ እንጨት መጋዙ ብረት ላይ አሳርፏል።

ሳበችው። ወጣ። ሦስት ስንዝር አይሞላም።

አናጢው ዘንጉን አየ፣ መጋዙን አየ፣ ከዚያ እጁን ከብረቱ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ።

«ድንጋይ ገጠመኝ፣ ቆረጥኩት» አለች። «ይጻፉት።»

ጋሼ ንቀለው እስክሪብቷቸውን ቅጹ ላይ ደቅነው ቆዩ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ስምንት ከአምስት ነው። ከዚያ እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ባዶ የኬብል መጠቅለያ እንጨት ላይ ሄደው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንቺ ልጅ» አሉ። «እኔ ገና አልደረስኩም።»

«ጋሼ…»

«መንገድ ላይ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ።»

ሲገባት መዶሻውን አነሳች። ያ ሁሉ የቁረጪው ምክር የእሱ የነበረው አናጢ፣ ሳይታዘዝ ሮጦ ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ ሙሉ ዘንግ ገዝቶ መጣ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ መምታት ጀመረች። ግማሽ ላይ ያው ድንጋይ ጠበቃት። መዶሻው ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አውጪውና ዘንበል አድርገሽ ምቺው» አሉ ያልደረሱት ሰውዬ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አለት በግንባር አይሸነፍም፤ በጎኑ እለፊው።»

«አልደረሱም አልነበር?» አለ አናጢው።

«ዝም በል። ስልክ እያወራሁ ነው።»

ዘንጉ ዘመም ብሎ ገባ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ በበሩ ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ።

«ደህና ዋሉ። አመልካች እርስዎ ነዎት?»

አሁን የደረሰ ሰው ምንም አላየምና ከመጀመሪያው ብሎን ጀመሩ። እያንዳንዷን አጠበቁ። ጽሑፉን ሁሉ እንደገና አነበቡ። አሥር ሰዓት ሆነ፤ ልጅቱ ማከፋፈያ ሳጥኑን በጥርሷ ብትነክሰው የሚፈርድባት አልነበረም። በመጨረሻ ጓሮ ዞሩ። እሷ ሳበች፣ አናጢው ጨምሮ ሳበ፤ ወይ ፍንክች። ይህን ጊዜ ክቡርነታቸው፣ ሐኪም ምንም ይበል ምን፣ ኮታቸውን አውልቀው አጎነበሱ። ዘንጉ አልተነቃነቀም፤ ወገባቸው ግን እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማ ድምፅ አሰማ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን እንደ ጎበጡ ፈቃዷን ፈረሙ። ወረቀቱን ይዛ እንዴት እንደሮጠች አናጢው እስከ ዛሬ ያወራል።

ቅጹ ግን ቢሮ ቀርቶ ስንቱ አየው። «የዘገዩበት ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ መጀመሪያ «የመንገድ መጨናነቅ» ብለው ጽፈው ሰርዘዋል። ቀጥሎ «ሕመም» ብለው ጽፈው ሰርዘዋል። አንዲት ውሸት እንኳ ጽፎ መጨረስ የማይሆንለትን ሰው ምን ተብሎ ይጠላል? ከሁለቱ ስርዞች ሥር፣ በዚያ ደረቅ የመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው፣ «የእህቴ ልጅ ገና ስላልጨረሰች» ይላል።