የሪም ቃልና የረመዷን ሳምቡሳ

አዲስ ቃል ያገኘ ሰው አዲስ ጫማ እንደገዛ ሰው ነው፤ የሚሄድበት ባይኖረውም ይወጣል። የአሠሪዬ ልጅ ሪም ከትምህርት ቤት «ሪዲኪዩለስ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይዛ የመጣች ሰሞን፣ ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር ባለው ቤታቸው ከዚህ ቃል ያመለጠ ነገር አልነበረም። ሾርባው ሪዲኪዩለስ፤ የአባቷ አነዳድ ሪዲኪዩለስ፤ እኔ ከልብስ ማጠቢያው ጋር ማውራቴማ የባሰ ሪዲኪዩለስ። ትርጉሙን ብጠይቃት፣ ልትቆጪ አፍሽን ስትከፍቺ ሳቅ የሚቀድምሽ ነገር ነው አለችኝ። እኛ «ጉድ ነው» ብለን የምንገላገለውን መሆኑ ነው። እናንተም ቃሉን ሳታውቁት ስንቴ ደርሶባችኋል።

ያኔ ልጄ ዘሃራ አገር ቤት፣ ከሚሴ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። በእኛ በኩል እንዲህ ያለችው ሴት የምትታረሰው በእናቷ እጅ ነው። ማዳምን ፈቃድ ጠየቅኋት። አልከለከለችኝም፤ የረመዷኑን ሳምቡሳ ጠቅልለሽ ማቀዝቀዣውን ሙይና ሂጂ አለችኝ። ሪያድ እንዲያ ነው፤ የወሩ ሳምቡሳ አስቀድሞ ተጠቅልሎ በረዶ ይሆናል፤ የመግሪብ ማፍጠሪያ ሲቃረብ ዘይት ውስጥ ይገባል።

አላህ ያውቃል፣ እንደዚያ ሰሞን ሠርቼ አላውቅም። ሊጡን እንደ ሻሽ አሳሳሁት። ማዕዘኑ ትንሽ ከተጣመመ ፈትቼ እንደገና እጠቀልላለሁ፤ ቢስሚላህ ባልኩ ቁጥር ዘሃራ ትመጣብኛለች። ማቀዝቀዣው ጢም አለ። ማዳም አንዱን አስጠብሳ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ?

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለውን እጅ እንዴት ብዬ ነው የምሸኘው? ከዒድ በኋላ ትሄጃለሽ፣ ኢንሻአላህ።»

ይኸውላችሁ። ባበላሸው ኖሮ ሄጄ ነበር፤ ስላሳመርኩት ቀረሁ። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ ዒድን አይጠብቅም። አንገቴን ደፍቼ ሳህን ማጠብ ያዝኩ።

ሪም በሩን ተደግፋ ነበር። «ማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሪዲኪዩለስ ማለት እኮ ይሄ ነው። ለመሄድ ብላ ሠራች፤ አሳምራ ስለሠራች አትሄድም።»

ማዳም ልትቆጣት አፏን ከፈተች። ሳቅ ቀደማት። በማግስቱ ለመውጫ ቪዛዬ ባሏን ስትነዘንዘው ሰማሁ።

ከሚሴ ደረስኩ፤ ዘሃራም በእጄ ላይ በሰላም ተገላገለች። ረመዷን ገባና ለጎረቤት ጭምር ሳምቡሳ ጠቀለልኩ። አራስ አትጾምምና ዘሃራ ልጇን እንዳቀፈች አንዱን ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«እማዬ፣ እንዲህ ያለውን እጅ እንዴት ብለን ነው ወደዚያ የምንመልሰው?»

የሪም ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። እዚህ ቤት ማቀዝቀዣ የለም። እሱን ሞልቶ መሄድ የሚባል ነገርም የለም። የዕለቱን በዕለቱ እየጠቀለልኩ ይኸው አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።