ናፍጣ የሚሸት ውሃ

ናፍጣ ይዞ የኖረ በርሜል ምን ቢያጥቡት ሽታው አይለቅም። ሞክራችሁት ታውቁ ይሆን? እኔ በአመድ ፈትጌ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ ገልብጬ ሞክሬዋለሁ። ወይ ፍንክች! እኛ የመተማ እርሻ ሰዎች ግን ይኼን እያወቅን ውሃ እንቀዳበታለን። ምን እናድርግ፣ ያለን በርሜል እሱ ነው። አጫጆቹ ከመልመዳቸው የተነሳ ደጋ ሲመለሱ ውሃው አልጥም ይላቸዋል እየተባለ ይቀለዳል።

እኔ የትራክተር ሹፌር ነኝ። ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ የእርሻው ፓምፕ ተበላሸና አጫጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሯቸው ደርቆ ዋለ። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው አሉ፣ ካጫጆቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ። ማጭዳቸውን እንደያዙ ዘፍ አሉ። የዚህ አገር ሙቀት መቼም ቀልድ አያውቅም። ጥላ ሥር አስተኛናቸውና ተሳቢዬን ቀጥዬ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በረርኩ። በርሜሎቹን ሞልቼ ስመለስ ልቤ እርሻው ላይ ነው። ሰውዬው ሳልደርስላቸው ይሞታሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

መንገዱ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ኬላዎች አሉ። አንደኛው ገመድ የክልል ነው፣ ሁለተኛው የፌደራል። የፌደራሉ ኮንትሮባንድ ይጠብቃል። የክልሉ ደግሞ ምን ይጠብቃል ብትሉኝ፣ እኔ እንደማየው የፌደራሉን ይጠብቃል።

የክልሉ ሚሊሻ ያውቀኛል፤ ውሃ ነው ስለው ገመዱን ጣለልኝ። የፌደራሉ ግን ገና ሲጠጋ አፍንጫውን ነፋ። ናፍጣ ነው አለ። ነዳጅ በበርሜል ወደ ድንበር መውሰድ ክልክል ነው፣ ጉዳዩም የፌደራል ነው ብሎ ቁልፌን ተቀበለኝ። ይኼን ያየው ሚሊሻ ከኋላ ከተፍ አለ። እኛ ፈትሸን ያሳለፍነውን እንደገና የምትፈትሸው አንተ ማን ነህ አለው። ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ የክልል ነው። የፌደራሉ፣ ውሃ መሆኑን ማን ወሰነ? ይኼኛው፣ እኛ ወሰንና!

ሁለት ዛፍ የወጣ ወድቆ ይሰበራል ይባላል። እኔ ምን ዛፍ ወጣሁ? መንገዴን ነው የሄድኩት። ድምፃቸው ከፍ አለ፣ የአንዱ መሣሪያ ከትከሻው ወደ እጁ ወረደ፣ የሌላውም ተከተለ። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሰው እየሞተብኝ ነው ብል የሚሰማኝ ጠፋ።

በመጨረሻ የፌደራሉ ዞር ብሎ፣ "ውሃ ከሆነ እስቲ አጠጣኝ" አለ።

እንግዲህ በእኛ ቆላ ውሃ የጠየቀ አይከለከልም። ደመኛ እንኳ ቢጠይቅ ይጠጣል፤ ጸቡ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። በጣሳ ቀዳሁለት። ቀመስ አደረገ፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ለካ እሱም ጠምቶታል! ሚሊሻው፣ ለእኔም ቅዳልኝ አለ። ፌደራል ጠጥቶ ክልል ሊቀር ነው? ጥላ ሥር የነበሩት ጓዶቻቸው ከሁለቱም ኬላ ጄሪካን ይዘው መጡ። የፌደራሉ ጄሪካን ይበልጣል ተብሎ ትንሽ ጭቅጭቅ ተነሳና በጣሳ እየሰፈሩ እኩል ተካፈሉ። መሣሪያው ወደ ትከሻ ተመለሰ፣ ሳቅና ጨዋታ ሆነ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ውሃንም እያሳሳቁ የሚወስዱ አሉ።

እርሻው ስደርስ የቀረኝ አንድ በርሜል ነበር። ጋሽ ሰይድ ነፍሳቸው አለች፣ ተመስገን። ከንፈራቸውን አራስንላቸው፣ አናታቸው ላይ አፈሰስንላቸው፣ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። ሌሎቹ አጫጆች ግን በመቶ የሚቆጠሩ ናቸውና ለአንድ ሰው አንድ ጣሳ እንኳ አልደረሳቸውም። ዓይናቸውን ማየት አፍሬ የሆነውን ሁሉ ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን ጠረጉና፣

"ልጄ፣ ነገ ሲጠይቁህ ናፍጣ ነው በላቸው" አሉኝ።

ኧረ ጋሼ፣ ይወርሱብናል አልኳቸው።

"ይውረሱ። ናፍጣ ካልከው አንዱ ነው የሚመጣብህ። ውሃ ስላልከው እኮ ነው የሁለቱም የሆነው።"