መሃል ሜዳ በዶሮ ወጥ ትሪ ላይ

አይቶት የማያውቀውን ጨዋታ የሚያሰለጥን ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ሁለት አውቃለሁ፤ የኢንግልዉዱን የታክሲ ሹፌር ጋሼ ወርቁን እና በየእሁዱ ከቫን ናይስ ድራይቭ አድርገው የሚመጡትን እትዬ ሰናይትን።

የጋሼ ወርቁ የወንድም ልጅ ቢኒያም አውስትራሊያ ውስጥ የአገሩን እግር ኳስ፣ ያንን በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን፣ ይጫወታል። አሰልጣኙ ከፊት መስመር ወደ መሃል ሊያመጣው ፈልጎ "አስብበት" ብሎታል። ልጁ ለእረፍት ሲመጣ አጎቱን ሊያማክር ፈለገ፤ አጎቱም ፌርፋክስ ላይ ምሳ ጋበዙት፤ እትዬ ሰናይትና እኔም አብረን ተቀመጥን።

"ሜዳው ጥግ የለውም፤ ልክ እንደዚህ ትሪ" አሉ ጋሼ ወርቁ። እርግጥ ሜዳው ሞላላ ነው፤ ግን ትሪ እንዲረዝም አይለመንም። "ኳሱ ደግሞ ይሄ ነው" ብለው የዶሮ ወጡን እንቁላል መሃል ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ይቁረስ? ብልቱ ሁሉ ተጫዋች ሆነ።

"መሃል ከገባ ይደቁሱታል። ቀጭን ነው" አሉ፣ ቢኒያም ያደረጉትን ፈረሰኛ ወደ ፊት እየገፉ።

"ሶ ፊት ቆሞ ኳስ ይጠብቅ? አንቱ ኤርፖርት ተሳፋሪ እንደሚጠብቁት?" አሉ እትዬ ሰናይት፣ ፈረሰኛውን ወደ መሃል እየመለሱ።

ወጡ ቀዘቀዘ። ቢኒያምና እኔ እጃችንን ታጥበን ቁጭ ብለናል። በመጨረሻ ሁለቱ አሰልጣኞች እንቁላሉን ለማንቀሳቀስ እኩል እጃቸውን ሰደዱ። ቢኒያም በክንዶቻቸው መካከል ሾልኮ መነተፈውና እንዳለ ጎረሰው።

ጋሼ ወርቁ ያበጠውን የልጁን ጉንጭ ትክ ብለው አዩት።

"ኦኬ" አሉ። "ለአሰልጣኝህ ንገረው። መሃል ግባ።"